የጤፍ ብረት ታጥቦ ሌላ፣ ሳይታጠብ ሌላ፦ ጥፋቱ የአሲዱ ነው የአፈሩ?

ጠጅ ሳር (ሰኞ፣ ማታ 2:10)

ሰላም የላብ ሰዎች። አናሊቲካል ኬሚስትሪ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ሥራዬ ጤፍ ውስጥ ያሉ ማዕድናትን መለካት ነው። ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሊድ (እርሳስ) እና ካድሚየም። ከሦስት ገበያ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ ገዝቼ ላብ ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አሁን ቁጥሮቹ እርስ በርስ ተጣልተው እንቅልፍ ነስተውኛል።

አሠራሬ ይሄ ነው። 0.5 ግራም ዱቄት እመዝናለሁ። 4 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድና 1 ሚሊ ሊትር ፐርክሎሪክ አሲድ እጨምራለሁ። ኬልዳል ማሞቂያ ላይ፣ ክብ ፍላስክ ከኮንደንሰር ጋር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሲጠራ አቀዘቅዘዋለሁ። በዋትማን 42 ማጣሪያ ወረቀት አጣርቼ በዲአዮናይዝድ (ማዕድኑ በወጣለት) ውሃ 50 ሚሊ ሊትር አደርሰዋለሁ። የማነበው በፍሌም ኤኤኤስ ነው (ነበልባል ውስጥ በሚመጠጥ ብርሃን ማዕድን የሚለካ ማሽን)።

ያው አንድ ቀይ ጤፍ ሳይታጠብ በ100 ግራም 31 ሚሊ ግራም ብረት ይሰጠኛል። ታጥቦ 11። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። በዚያ ላይ ፍላስኩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ይቀመጣል። አጣርቼ እጥለዋለሁ፤ ግን ይቆረቁረኛል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሊዱ ነው። ማሽኑ 0.030 ሚሊ ግራም በሊትር አለ። አባዝቼ ሳየው በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ሆነ። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ለእህል የፈቀደው 0.2 ነው። አሥራ አምስት እጥፍ! እንጀራ እየበላን ነው ወይስ ባትሪ?

አድቫይዘሬ «የብረቱን አማካይ ወስደሽ ቀጥይ» ብሎኛል። አማካዩ የምንድን ነው ታዲያ? እባካችሁ።

ሁድ ሥር ያለሁት (ሰኞ፣ ማታ 2:25)

ሃሃ፣ «እንጀራ ወይስ ባትሪ» ተመችቶኛል። ለቲሲስሽ ርዕስ አድርጊው።

ቁም ነገሩን ልጠይቅ። በምን አጠብሽው? በምንስ ፈጨሽው? ብላንክሽ (ጤፍ የሌለበት ባዶ አሲድ) ስንት ነበር? ይሄን ሳትነግሪን ማንም መልስ ቢሰጥሽ እንዳታምኚው።

ጠጅ ሳር (ሰኞ፣ ማታ 2:41)

መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በዲአዮናይዝድ። ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ አደረቅሁት። የፈጨሁት በቤት የቡና መፍጫ ነው። ምላጩ ብረት ነው መሰለኝ (አሁን ስጽፈው ራሴን ያዝኩ)። የሊድ ብላንኬ 0.027 ነው። ሁለት ብላንክ ነው የሠራሁት።

ካቶድ አምፖል (ሰኞ፣ ማታ 3:02)

ቆይ ቆይ። ሳምፕል 0.030፣ ብላንክ 0.027። ልዩነቱ 0.003 ነው። ብላንኩን ሳትቀንሺ ነው እንዴ 3 ያልሽው?

ቀንሰሽ ብታባዢው በኪሎ 0.3 ይመጣል። እሱም ቢሆን ቁጥር አይደለም። ጫጫታ ነው። ፍሌም ለሊድ እዚያ ታች ድረስ አያይም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 0.5 ግራም በ50 ሚሊ ሊትር ማለት መቶ ጊዜ አቅጥነሻል ማለት ነው። ጤፍሽ ልክ ኮዴክስ ወሰን ላይ ቢሆን እንኳ፣ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ፍላስክሽ ውስጥ የሚገኘው በሊትር 0.002 ሚሊ ግራም ነው። ሁለት ፒፒቢ (ከቢሊዮን ሁለት እጅ)። ይሄን ለማየት ግራፋይት ፈርነስ ወይም አይሲፒ-ኤምኤስ የሚባሉት በጣም ጥቂቱን የሚያዩ ማሽኖች ያስፈልጉሻል። በፍሌም መፈለግ ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ቦሌ ያለ ሰው የያዘውን ጋዜጣ ለማንበብ መሞከር ነው።

ነገ አሥር ብላንክ ሥሪ። ባዶ አሲድ ብቻ፣ ያው ፍላስክ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ማጣሪያ። አንብቢና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን (ንባቦቹ የተበታተኑበትን መጠን) በሦስት አባዢ። የማየት አቅምሽ ያ ነው። ከዚያ በታች ያገኘሽውን ሁሉ «ከማሽኑ የማየት አቅም በታች» ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ጠጅ ሳር (ሰኞ፣ ማታ 3:10)

ብላንኩን ሳልቀንስ ነበር 😳 ማንም አይቶ እንዳይሆን።

ሁድ ሥር ያለሁት (ሰኞ፣ ማታ 3:12)

ማንም አላየም። ኢንተርኔት ላይ ነው የጻፍሽው እንጂ።

ጋሽ ፒፔት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30)

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። እኔ ላብ ውስጥ ያረጀሁ ቴክኒሻን ነኝ። ስለ ብረቱ ልንገርሽ።

ጤፍ እንዴት እንደሚወቃ አይተሽ ታውቂያለሽ? አውድማው መሬት ነው። በእበት ይለቀለቃል። በላዩ ላይ በሬዎች ይዞሩና ያበራዩታል። ፍሬዋ ደግሞ የምታህለውን ታውቂያለሽ። ሺህ ፍሬ ቢቆጠር ግማሽ ግራም አይሞላም። ትንሽ ነገር ደግሞ ለክብደቱ ብዙ ገላ አለው። አቧራው በዚያ ገላ ላይ ይለጠፋል። ስንዴን ነቅሰሽ ጠጠሩን ታወጫለሽ፤ ጤፍን ግን ምኑን ትነቅሺዋለሽ? የደቀቀው አፈር ከፍሬዋ ጋር በወንፊት አብሮ ያልፋል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቺ። አፈሩ ከመቶ 5 እጅ ብረት አለው እንበል። ቀይ አፈር ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። አንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ 4 ግራም አፈር ቢቀር 200 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ መጣ ማለት ነው። ለ100 ግራም ሲካፈል 20 ሚሊ ግራም። ያንቺ ልዩነት ስንት ነበር? 31 ሲቀነስ 11፣ 20። አየሽ? አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ አፈር ነው ያጣላሽ።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የጤፍ ብረት በየጽሑፉ ከ10 ሚሊ ግራም በታች ጀምሮ ከ100 በላይ ድረስ ተጽፎ ታገኛለሽ። ጤፍ እንደዚያ የሚለያይ እህል ሆኖ አይደለም። አውድማው ይለያያል፣ ማጠቡ ይለያያል፣ አሲዱም ይለያያል።

ስለ ነጩ ነገር ደግሞ ሙከራ ላሳይሽ። ከማጣራትሽ በፊት 20 ሚሊ ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሪና አወዛውዢው። ከሟሟ ፖታሺየም ፐርክሎሬት ነው። ጤፉ ፖታሺየም አለው፣ አሲድሽ ፐርክሎሬት አለው፣ ሲቀዘቅዝ ተገናኝተው ክሪስታል ይሠራሉ። አትፍሪው። ካልሟሟ ግን፣ በብርጭቆ ዘንግ ስትነኪውም ኮርኮር ካለ፣ ሲሊካ ነው። አሸዋ በይው። እሱን ናይትሪክም ፐርክሎሪክም አያሸንፉትም።

ጠጅ ሳር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:05)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! የአውድማውን ነገር አያቴ ቤት አይቼዋለሁ። ግን አንድም ቀን ከቲሲሴ ጋር አላገናኘሁትም። ሞቅ ባለ ውሃ ዛሬውኑ እሞክራለሁ። ግን አንድ ነገር፦ ሪከቨሪዬ ጥሩ ነው እኮ። ብረት ስፓይክ አድርጌ (መጠኑን የማውቀውን ብረት ጨምሬ) 97 ፐርሰንቱን መልሼ አገኘሁ። ሲሊካ ውስጥ የቀረ ብረት ቢኖር ይሄ አይነግረኝም ነበር?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:15)

ሰላም እህቴ። እኔ ሜሪላንድ የአካባቢ ናሙና የሚመረምር ላብ ውስጥ ነው የምሠራው። ሪከቨሪሽ አይነግርሽም። ለምን መሰለሽ፣ ስፓይክ ያደረግሽው ቀድሞ ሟሙቶ የመጣ ስታንዳርድ ነው። እንግዳውን ሳሎን አስቀምጠሽ መልሰሽ ሸኘሽው። 97 ከመቶ መውጣቱ አይገርምም። ጓዳ የተደበቀውን ግን አልነካሽውም። ስፓይክ የሚያሳይሽ ስታሞቂ፣ ስታጣሪና ስታነቢ የጠፋ ወይም የተዛባ ነገር መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ድንጋይ ውስጥ የታሰረው መውጣቱን አያሳይም።

ለዚያ የሚያስፈልግሽ ሰርቲፋይድ ማቴሪያል (ውስጡ ያለው መጠን ተለክቶ የተረጋገጠ ናሙና) ነው። ኒስት (የአሜሪካ የልኬትና ደረጃዎች ተቋም፤ እዚሁ ጋይተርስበርግ፣ ጎረቤታችን ነው) የፒች ቅጠል፣ የአፕል ቅጠል፣ የሩዝ ዱቄት ይሸጣል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ዲፓርትመንትሽ ውስጥ ግን ጊዜው ያለፈበት ጠርሙስ ሳይቀር የሆነ ቦታ አይጠፋም። ጠይቂ። የቅጠሎቹን አሉሚኒየም ያለ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ (ሲሊካ የሚያሟሟው አሲድ) ስትለኪው ከሰርተፊኬቱ በታች ይመጣል። ቅጠሉ ላይ ያለው አቧራና ሲሊካ አልሟሟማ።

እኛ ጋ አፈር ሲመጣ በአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) ዘዴ 3050ቢ እንሠራለን። ናይትሪክ፣ ከዚያ ፐርኦክሳይድ፣ ለአንዳንዱም ሃይድሮክሎሪክ። ዘዴው ራሱ «እኔ ሙሉ በሙሉ አላሟሟም» ብሎ ጽፎታል። ሲሊኬት ውስጥ ያለው ይቀራል። ለአካባቢ ብክለት ይበቃል ብለው ነው፣ የታሰረው ወዲያው ስለማይወጣ። ሙሉውን ከፈለግሽ 3052 አለ። ማይክሮዌቭ፣ የተዘጋ ዕቃ፣ ከሃይድሮፍሎሪክ ጋር።

እና ያንቺ 31 እንኳ የአፈሩን ብረት በሙሉ ላይይዝ ይችላል። ግማሹ ማጣሪያ ወረቀትሽ ላይ ቀርቶ ቅርጫት ገብቶ ይሆናል። ሃይድሮፍሎሪክ ብትሞክሪ...

ጋሽ ፒፔት (ማክሰኞ፣ ማታ 1:40)

እዚህ ላይ ልጣላሽ ነው፣ የሜሪላንዷ ልጅ። ሃይድሮፍሎሪክን ለማስተርስ ተማሪ በነጻ አትምከሪ።

አንደኛ የሷ ፍላስክ መስታወት ነው። ያ አሲድ መስታወት ይበላል። ሳምፕሉን ትተሽ ፍላስኩን ነው የምታሟሚው። ሁለተኛ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያምም ይችላል። ሰውየው ምንም አልሆንኩም ብሎ ቤቱ ይገባል። አሲዱ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል። ልብ ሊያቆም ይችላል። የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገቡ የሌለ ላብ ያንን ጠርሙስ መክፈት የለበትም። ስንት ላብ ነው ጄሉ ያለው? እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች አንድም ቀን አላየሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:00)

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ይቅርታ። እኛ ጋ ጄሉ በየሁዱ (በየጭስ መሳቢያ ሳጥኑ) ተሰቅሏል፣ ለብቻው ሥልጠና አለው፣ ብቻውን የሚሠራ የለም። እዚያ ሆኜ ያለውን ረሳሁት። እህቴ፣ ተይው።

ሌላ መንገድ ልንገርሽ። አፈር መግባቱን ለማረጋገጥ ቲታኒየም ለኪ። አፈር ውስጥ በኪሎ በሺዎች ሚሊ ግራም አለ። ተክል ራሱ ከሥሩ የሚወስደው ግን ከምንም አይቆጠርም። ቲታኒየምና ብረት አብረው ከወጡና አብረው ከወረዱ አፈር ነው፣ አለቀ። እሱም በናይትሪክ ደህና አይሟሟም። ለዚህ ግን አሲድ አያስፈልግሽም። ጂኦሎጂ ክፍል ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ ማዕድን የሚለይ ማሽን) ካላቸው ዱቄቱን ጠፍጥፈው በደረቁ ያነቡልሻል።

መፍል (ማክሰኞ፣ ማታ 2:30)

ሁላችሁም አሲድ አሲድ ትላላችሁ። አመድ አድርጉት! መፍል ፈርነስ (የላብ የኤሌክትሪክ ምድጃ) ውስጥ በ450 ዲግሪ አሳድሮ ነጭ አመድ ሲሆን በትንሽ አሲድ ማሟሟት። ፐርክሎሪክ የለ፣ ጭስ የለ። ብዙ ግራምም መውሰድ ይቻላል፤ የኛ ሰው ለምን እንደሚረሳው አላውቅም።

ካቶድ አምፖል (ማክሰኞ፣ ማታ 2:44)

ለብረት፣ ለዚንክና ለመዳብ እስማማለሁ። ለካድሚየምና ለሊድ ግን ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ሲል ይተናሉ፣ በተለይ ክሎራይድ ካለ። ሜርኩሪማ መፍሉ ገና ሳይግል ሄዷል። አርሴኒክና ሴሌኒየምም አይታመኑም። የመፍሉ ግድግዳ ጡብ ደግሞ ሲያረጅ አቧራው ክሩሲብል (ናሙናው የሚቃጠልበት ትንሽ ዕቃ) ውስጥ ይወድቃል። የሱም ብረት አለ!

ሁድ ሥር ያለሁት (ማክሰኞ፣ ማታ 2:50)

ከሁሉም በላይ መብራት። የኔ አመድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ግማሹ አመድ ግማሹ ከሰል ሆኖ ነው ያገኘሁት። ጠዋት ላይ መፍሉን ከፍቼ አየሁት፣ እሱም አየኝ።

መፍል (ማክሰኞ፣ ማታ 2:58)

መብራቱ ላይ ምንም መልስ የለኝም።

ጋሽ ፒፔት (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:10)

ፐርክሎሪክን መፍል አንስቶታልና ሳልናገር አላልፍም። ወጣቶቹ እንደ ኮምጣጤ ሲያፈሱት አያለሁ።

ፐርክሎሪክ ሲቀዘቅዝ ጨዋ አሲድ ነው። ሲሞቅና ሲጠነክር ግን ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር ያነዳል። ለዚህ ነው ናይትሪክ መቅደም ያለበት። ናይትሪክ በ120 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቀላሉን ኦርጋኒክ ቀድሞ ይበላዋል። ፐርክሎሪክ የሚፈላው በ203 ነው። ናይትሪኩ ተኖ ሲያልቅ ገና ያልተበላ ስብ ወይም ከሰል ካለ፣ ብቻቸውን ይገናኛሉ። ያኔ አምላክ ይሁንሽ።

ድሮ አንድ ላብ ስሠራ (የት እንደሆነ ይቅር) አንድ ልጅ ኑግ አመጣ። ኑግ ቅባት ነው። ናይትሪኩን ቆጥቦ፣ ፐርክሎሪኩን አብዝቶ፣ ማሞቂያውን ጨምሮ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ፍላስኩ ውስጥ ያለው ጠቆረ። መጥቆሩ ነው ምልክቱ። ያኔ ሙቀቱን አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ናይትሪክ መጨመር ነበር። ማንም አልነበረም። የሁዱ መስታወት ኮሪደር ድረስ ተበተነ። ልጁን ያዳነው ሻዩ ነው።

ውጭም ሆኗል። በ1947 ሎስ አንጀለስ አንድ የብረት ማለስለሻ ፋብሪካ ውስጥ ፐርክሎሪክ ከአሴቲክ አንሃይድራይድ ጋር ተቀላቅሎ ፈንድቶ 17 ሰው ገድሏል። እኛ የምንይዘው በሚሊ ሊትር ቢሆንም ጠባዩ ያው ነው። ደግሞ ጭሱ ተኖ የሁዱ ቱቦ ውስጥ ጨው ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ አሲድ በውሃ የሚታጠብ ሁድ ነው የሚፈቀደው። የኛዎቹን ሁዶች ያጠበ ማን ነው? ዝናብ እንኳ አይደርስባቸውም።

ልጄ፣ ለጤፍ ናይትሪክና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃሻል። ናይትሪኩ ቡናማውን ጭስ እስኪጨርስ ቀስ ብለሽ አሙቂ፣ አቀዝቅዢ፣ ከዚያ 30 ፐርሰንት ፐርኦክሳይዱን በጠብታ። በአንዴ ካፈሰስሽው ገንፍሎ ይወጣል፤ ሳምፕልሽን ጠረጴዛ ላይ ታገኚዋለሽ።

ሁድ ሥር ያለሁት (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:20)

ሰልፈሪክ አሲድስ? የኛ ማንዋል ላይ አለ።

ካቶድ አምፖል (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:31)

ሊድ የምትለካ ከሆነ ተወው። ሊድ ሰልፌት ሆኖ ይዘቅጣል፣ ከዚያ ታጣራዋለህ፣ ከዚያ «ሊድ የለም» ብለህ ትጽፋለህ። ደስ የሚል ውጤት ግን ውሸት።

ሌላም የምጠላው ነገር አለ፤ የቀለም ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም የአሲዶቹን ድርሻ በቀለም መምረጥ። ቲሲሶቹን ተመልከቱ። «2 ለ 1፣ ቢጫ። 3 ለ 1፣ ፈዛዛ ቢጫ። 4 ለ 1፣ የጠራ።» የጠራው ተመረጠ። መጥራት የሚያሳየው ኦርጋኒኩ በአብዛኛው መቃጠሉን ነው። ሥሩ ላይ ያለው አሸዋ መሟሟቱን አያሳይም። ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት አማራጮች ብረት አንብባችሁ አወዳድሩ። ሰዓት ጨምራችሁ ቁጥሩ ካልጨመረ ያኔ በቃ።

የምግብ ሰው (ረቡዕ፣ ማታ 1:05)

እኔ ኬሚስት አይደለሁም፣ ሥነ ምግብ ነው የተማርኩት። ክሩን እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም አፈሩን እንደ ስህተት ነው የምታዩት። አንድ ጥያቄ ላንሳ።

በብዙ ቤት ጤፍ ይነፋል፣ ይበጠራል እንጂ አይታጠብም። ወፍጮ ቤት የሚሄደው ከነአቧራው ነው። ስለዚህ ሰው እንጀራ ሲበላ የሚበላው 31ን ነው እንጂ 11ን አይደለም። ታጥቦ የተለካ ቁጥር የተክሉ ነው፣ የምግቡ አይደለም። የትኛውን ነው የምትለኪው?

ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። የአፈር ብረት አብዛኛው ኦክሳይድ ነው፣ ወይም ድንጋይ ውስጥ ነው። ሆድ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሟም። ጤፍ ራሱም ፋይቴት አለው፣ ብረቱን አስሮ ይይዛል። ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። «ጤፍ ብረት አለው» እየተባለ ነፍሰ ጡር ሴት እንክብሏን ስትተው ያየሁ ሰው ነኝና ያ 31 ያስፈራኛል። አሲዳችሁ የሚያሟሟውን ሁሉ ሆድ አያሟሟም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ማታ 1:30)

ይሄ ጥያቄ የኛን ሁሉ ጭቅጭቅ ቦታ ቦታ አስያዘው። ትኩስ ናይትሪክ ጨጓራ አይደለም። 11 ስለ ጤፉ፣ 31 ስለ ገበያው ጤፍ ነው። ሁለቱንም ጻፊ እህቴ። አማካያቸው ግን የማንም አይደለም።

ሁድ ሥር ያለሁት (ረቡዕ፣ ማታ 1:44)

እንዲህ ካያችሁት የአቃቂ ጎመንም ያው ነው። በተበከለ የወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት ተብሎ ስንት ጊዜ ተለክቷል። ቅጠሉ ላይ የተረጨ ጭቃና ቅጠሉ ውስጥ የገባ ሊድ አንድ አይደሉም። ጎመን ግን ታጥቦ ነው የሚበላው። ስለዚህ እዚያ ታጥቦ መለካት ነው ትክክሉ። ጤፉ ላይ ይገለበጣል ማለት ነው።

የምግብ ሰው (ረቡዕ፣ ማታ 1:50)

በትክክል! ቤት እንደሚደረገው አድርጉት ነው የምለው።

ጠጅ ሳር (በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ማታ 3:00)

ተመለስኩ። ጠፍቼ ሳይሆን ላብ ተኝቼ ነው።

ነጩ ነገር ሁለቱም ሆኖ ተገኘ! ሞቅ ባለ ውሃ አብዛኛው ሟሟ። የቀረው ግን በዘንግ ስነካው ኮርኮር አለ፣ ጋሼ እንዳሉት። ያልታጠበው ውስጥ ብዙ ነው። የታጠበው ውስጥም ግን ትንሽ አለ። ማጠብም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም ማለት ነው።

ዕቃዬን ሁሉ 10 ፐርሰንት ናይትሪክ ውስጥ አሳደርኩት። እስካሁን በሳሙና አጥቤ በዲአዮናይዝድ ብቻ ነበር የማለቀልቀው (አትስደቡኝ)። የሊድ ብላንኬ ከ0.027 ወደ 0.008 ወረደ። ሊዱ ከፍላስኮቼ ነበር! ከኔ በፊት ማን ምን እንደሠራባቸው እንጃ። አሥር ብላንክ ሠርቼ በሦስት ሳባዛው 0.018 መጣ። በጤፍ ሲታሰብ በኪሎ 1.8 ሚሊ ግራም። ማለትም ሊዱ የኮዴክስን ወሰን ዘጠኝ እጥፍ ካላከለ ማሽኔ አያየውም። ሊድና ካድሚየምን ከርዕሴ አወጣኋቸው። አድቫይዘሬ ፊቱ ጠቆረ። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሳሳየው ግን ዝም ብሎ ቆየና «የበፊቶቹስ ተማሪዎቼ?» አለኝ። ምን ልበለው?

መፍጫውም ተቀየረ። ጂኦሎጂዎቹ የአጌት (የጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ አዋሱኝ። ያው የታጠበው ቀይ ጤፍ ከ11 ወደ 9 ወረደ። ሁለቱ የቡና መፍጫው ምላጭ ነው ማለት ነው። ያልታጠበው 29 ላይ ነው። ኤክስአርኤፋቸው ላይም አስነብቤዋለሁ። ቲታኒየሙ ባልታጠበው ላይ በደንብ ይታያል፤ የታጠበው ላይ ግን ሊጠፋ ደርሷል።

አሁን በናይትሪክና በፐርኦክሳይድ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ቀን ፐርኦክሳይዱን በአንዴ አፈሰስኩት። ጋሼ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው ያገኘሁት።

ጋሽ ፒፔት (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20)

ጎበዝ። ሁሉም አንዴ ያፈሰዋል።

ስትጽፊው አንድ መስመር እንዳትረሺ። «ጠቅላላ ብረት» አትበይ። «በናይትሪክና በፐርኦክሳይድ የሟሟ ብረት» በይ። የታጠበበትን፣ የተፈጨበትን፣ የተጣራበትን ጻፊ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያነብሽ ልጅ ያንቺን ቁጥር ከሱ ቁጥር ጋር ሲያጣላ እንቅልፍ እንዳያጣ።

ካቶድ አምፖል (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:48)

ስለ አድቫይዘርሽ ጥያቄ፦ «የበፊቶቹን ብላንክ አብረን እንይ» በይው። የድሮ ደብተሮች አሉ፤ ቀንሰውት ከሆነ ይታያል።

ሁድ ሥር ያለሁት (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15)

የቀረውን ጤፍ ግን ምን አደረግሽው? ስንት ኪሎ ገዝተሽ ነበር?

ጠጅ ሳር (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:22)

ያልፈጨሁት ስድስት ኪሎ ቀርቶ ነበር። እናቴ ወስዳ አስፈጨችው። ጤፉ ሊታጠብ ይገባል ስላት ሳቀችብኝ። ትናንት በላነው።